ባሕር የሌላቸው የወደብ ከተሞች

ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሀረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ ይወጣል። ሁለተኛው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ይህን ሁለተኛውን ይዞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሹፌር በመጨረሻ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ጨው ጨው የሚል ነፋስ ይቀበለው ነበር። አሰብ ደርሷል ማለት ነው።

የዛሬ ወጣት ይህን ታሪክ የሚያውቀው በቁርጥራጩ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የውጫሌን ውል ይማራል፤ አያቱ ስለ ኤን ትሬ መኪና ሲያወጉ ይሰማል፤ ሰባ ሰባት ሲነሣ ስለ እርዳታ ስንዴ ያዳምጣል። ቁርጥራጮቹ ሁሉ ግን የአንድ መንገድ ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ መርከብ ቆሞባቸው አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ገበያቸው የደራውም የቀዘቀዘውም አይተዋቸው በማያውቋቸው መርከቦች ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

1862–1874፦ ከሰል የምትበላ መርከብ

ነገሩ የተጀመረው ስለ ወሎም ስለ ኢትዮጵያም ተብሎ አልነበረም። የተጀመረው በእንፋሎት መርከብ ሆድ ምክንያት ነው።

በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ዳርቻ ጭነት የሚያመላልሱት የጣውላ ሳምቡኮች ነበሩ። ሳምቡክ ሸራዋን ገትራ ነፋስ ትጠብቃለች፤ ነፋስ ደግሞ ዋጋ አይጠየቅበትም። ከአውሮፓ የመጣችው የእንፋሎት መርከብ ነፋስ አትለምንም፤ ከሰል ካላጎረሷት ግን ካለችበት ፈቀቅ አትልም። ከጄኖዋ ተነሥታ ቦምቤይ እስክትገባ የሚበቃትን ከሰል ሁሉ ከጫነች ለሸቀጥ የሚተርፍ ቦታ አይኖራትም። ስለዚህ መሐል መንገድ ላይ ከሰል የሚከመርላት ዳርቻ ያስፈልጋታል።

የስዊዝ ቦይ ኅዳር 9 ቀን 1862 ተከፈተ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 7፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ጣሊያናዊ ከሁለት የአካባቢው ወንድማማች ገዢዎች ጋር ተዋውሎ የአሰብን የባሕር ወሽመጥ ገዛ። ሳፔቶ ቀደም ሲል ሚስዮናዊ ሆኖ አድዋ ድረስ ዘልቆ የነበረ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ገንዘቡ የራሱ አልነበረም። የጄኖዋው የሩባቲኖ መርከብ ኩባንያ ነበር፤ ዋጋውም 6,000 የማርያ ቴሬዛ ብር። በሚቀጥሉት ወራት ሳፔቶ «አፍሪካ» በምትባል የኩባንያው መርከብ ተመልሶ መጥቶ ግዢውን ፈጸመ፤ የጣሊያን ባንዲራም ዳርቻው ላይ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ዓመት ገደማ አሰብ ተረሳች። ግብፅ «የኔ ነው» አለች፤ ኩባንያው ገንዘብ አላፈሰሰባትም፤ አሸዋውም ባዶውን ዋለ። በ1874 የጣሊያን መንግሥት ዳርቻውን ከኩባንያው ገዝቶ የራሱ አደረገው። ጣሊያን በአፍሪካ የያዘችው የመጀመሪያው መሬት ይኸው ነው። ኋላ ምጽዋን፣ አስመራን፣ አምስት ዓመትም ቢሆን አዲስ አበባን ያስያዘው ጉዞ የጀመረው ከአንድ የከሰል ማራገፊያ ነበር።

1873–1888፦ ጠመንጃ በግመል ጀርባ

ወደቡ ተገኘ፤ ከጀርባው ግን የአፋር ምድር አለ። ውኃው የት እንዳለ፣ በማን ፈቃድ እንደሚታለፍ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያልተረዱ ጣሊያኖች ዋጋ ከፈሉ። በ1873 ጁሊዬቲ ከነጓደኞቹ በረሃው ላይ ተገደለ። በ1877 ደግሞ ቢያንኪ ከደጋው ወደ አሰብ የሚያወጣ መንገድ ሲፈልግ የዚያው ዕጣ ደረሰው።

መንገዱን የከፈተው መሣሪያ አልነበረም፤ ድርድር ነበር። ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ በአውሳው ሱልጣን በመሐመድ ሐንፈሬ መልካም ፈቃድ በ1875 ከአሰብ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ሸዋ ገባ። የሱልጣኑ ቃል ከብዙ ዘበኛ ይበልጥ ነበር። ግመሎቹ የጫኑት ሬሚንግተን ጠመንጃ ነው፤ ተቀባዩም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ። በዚያው ዓመት ምኒልክና አንቶኔሊ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። አሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጋው ኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት እውነተኛ ጭነት አገኘች።

በወሎ በኩል የአፋሩ ቆላና የደጋው ገበያ መገናኛ ከጥንት ጀምሮ ባቲ ነበረች። አሞሌ ጨው ከበረሃው ይመጣል፤ እህልና ቡና ከደጋው ይወርዳል፤ ሲራራ ነጋዴውና ባለ ግመሉ ሰኞ ሰኞ ይገናኛሉ። ከባቲ በላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ ገና እየተቆረቆረች ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» እንዳሉት ይነገራል። ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን ወደዚያ ካዞሩ በኋላ ደሴ የወሎ መዲና ሆነች።

ያው አንቶኔሊ በ1881 ወሎ ውስጥ እንደገና ብቅ ይላል። ሚያዝያ 25 ቀን ከደሴ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ በተባለ ሰፈር ከምኒልክ ጋር ሌላ ውል ተፈራረመ። የ17ኛው አንቀጽ ነገር የታወቀ ስለሆነ መድገም አያስፈልግም፤ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል ተለያይቶ ከሰባት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ተፈታ። ብዙም የማይነሣው ግን የአንቶኔሊ ቅርበት ከምን እንደመጣ ነው። የቀረበው የአሰብን መንገድ ስለከፈተና መሣሪያ ስላስገባ ነበር። ምኒልክ መሣሪያውን ተቀበሉ፤ መሣሪያውም በመጨረሻ ወደ ላኪው ዞረ። አድዋ ላይ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ከዋናዎቹ ኃይሎች አንዱ ነበር።

ከድሉ በኋላ አሰብ እንደገና ተኛች። ምክንያቱ ጂቡቲ ናት። ከዚያ የተነሣው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሸቀጥ በግመል ቆላ የሚያቋርጥበት ምክንያት አልነበረም። ደሴ ግን ከባቡሩም ከባሕሩም ርቃ ቀረች።

1920፦ በወረቀት ላይ የተሠራ መንገድ

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ኢትዮጵያና ጣሊያን የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከውሉ ጋር የተያያዘው ስምምነት ላይ የደሴ ስም በግልጽ ሰፍሯል። ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ይሠራል፤ ጣሊያን በግዛቷ ያለውን፣ ኢትዮጵያ በግዛቷ ያለውን ትሠራለች፤ የመኪና ማመላለሻውን የጋራ ኩባንያ ይይዘዋል። ኢትዮጵያም በምላሹ አሰብ ወደብ ላይ ለ130 ዓመት ነጻ ቀጠና ታገኛለች።

ቃሉ ጥሩ ነበር። ለራስ ተፈሪ ከፈረንሳዩ ባቡር ሌላ የባሕር በር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ለሮም ደግሞ ወደ ወሎ ልብ የሚገባ የመኪና መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እዚያው ላይ ነበር። ነጋዴ የሚሄድበት መንገድ ወታደርም ይሄድበታል። አዲስ አበባ ይህን አልሳተችም፤ ሮምም አዲስ አበባ እንዳልሳተች ታውቅ ነበር። እየተጠራጠሩ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ መንገዱ ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። ውሉ ሃያ ዓመት ይቆያል ተባለ እንጂ በስምንተኛው ዓመት የጣሊያን ወታደር ደሴ ገባ።

1928–1933፦ መንገዱ ይሠራል፤ ባለቤቱ ግን አይቆይም

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸው እዚያ ነበር፤ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው ተኮሱ። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታልም ተመታ። በሚያዝያ 7 ጣሊያኖች ደሴን ያዙ። ማርሻል ባዶሊዮ ከዚያ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው በረጅም የመኪና ሰልፍ ነው፤ መንገዱ መንገድ ባልነበረበት ጊዜ።

አዲስ አበባ በተያዘች በሁለተኛው ሳምንት ሙሶሎኒ የአምስት አውራ ጎዳናዎችን ዕቅድ አጸደቀ። ጠቅላላ ርዝመታቸው 2,850 ኪሎ ሜትር ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ ደሴን ይነካሉ፤ ከኦምሐጀር በጎንደርና በደብረ ታቦር የሚመጣው፣ ከአዲግራት ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው፣ ሦስተኛውም 500 ኪሎ ሜትር የተገመተው የአሰብ–ደሴ መንገድ። አንዲት ከተማ በአንድ ዕቅድ ላይ ይህን ያህል ጊዜ የምትጠቀስበት ምክንያት አለው። ጂቡቲም ባቡሩም በፈረንሳይ እጅ ነበሩ። ሮም አዲሱን ግዛቷን በሌላ ሰው በር ማስተዳደር አልፈለገችም፤ የራሷን በር ከአሰብ ወደ ደጋው ልትከፍት ነበር።

መንገዱ የተሠራው ቋጥኝ በተደረደረበትና ውኃ በመኪና በሚመላለስበት ምድር ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ቡሬን፣ ማንዳን፣ ኤሊዳርን፣ ሠርዶን አልፎ፣ ሚሌን ተሻግሮ፣ ከባቲ በኋላ ወደ ደጋው ይወጣል። ጭነቱ ደጋው ጫፍ ላይ የሚያርፍበት ሜዳ ያስፈልገው ነበር። ደሴ ገደል ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ሜዳ የላትም። ሜዳው ከሀረጎ በታች፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ቦርከና አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች አውሮፕላን ማረፊያቸውን፣ መጋዘናቸውን፣ ጋራዣቸውን እዚያ ተከሉ። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ከተሞችን የሚያራርቃቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሥራቸውን ግን የከፈለው ይህ የሜዳ ነገር ነው። ደሴ የአስተዳደርና የንግድ ቤት ሆነች፤ ኮምቦልቻ የመጋዘንና የመኪና።

ጣሊያን መንገዱን አልጠገበችውም። በ1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ በኩል ጣሊያኖች በሠሩት አውራ ጎዳና ገሰገሰ። አርበኞችም ከጎኑ ተሰለፉ። የኮምቦልቻ ኮረብታዎች ላይ ለቀናት ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 14 ቀን ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተለቀቁ። በሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ወታደሮች ተማረኩ።

1933–1944፦ የሰመጡ መርከቦች፣ የተነቀሉ ወደቦች

በዚያው ወቅት በሰሜን በኩል ባሕሩ ራሱ ተዘግቶ ነበር። ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ የወደቡ አዛዥ አድሚራል ቦኔቲ ለጠላት የምትተርፍ መርከብ እንዳትኖር አዟል። ወደ 40 ገደማ መርከቦች ሆን ተብሎ ሰመጡ፤ የጣሊያኖቹም፣ እዚያ ተጠልለው የነበሩት የጀርመን ጭነት መርከቦችም። አንዳንዶቹ የተሰለፉት መግቢያውን እንዲዘጉ ነው። መርከብ የሚጠገንባቸው ሁለት ተንሳፋፊ የብረት መትከያዎችም ሆዳቸው በቦምብ ተቀዶ ወረዱ። አሰብ ሁለት ወር ቆየች። ሰኔ 4 ቀን የሕንድ ወታደሮች ከባሕር በኩል አርፈው ያዟት፤ በቀይ ባሕር ላይ በጣሊያን እጅ የቀረችው የመጨረሻ ወደብ እሷ ነበረች።

ምጽዋ ላይ የሰመጡትን የማንሣቱ ሥራ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1934 መጋቢት ገደማ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ደረሰ። ጠላቂዎቹ ጥቂት፣ መሣሪያው የጎደለ፣ ሙቀቱ ደግሞ ብረት የሚያቃጥል ነበር። ትልቁን ተንሳፋፊ መትከያ እንግሊዞች «አይነሣም» ብለው ትተውት ነበር። ኤልስበርግ ግን ቀዳዳውን ሁሉ በመድፈን ፈንታ ሌላ ዘዴ መረጠ። ቀዳዳው ያለው ከታች፣ ከሆዱ በኩል ነው። ከላይ ያለውን አሽጎ የታመቀ አየር ወደ ውስጥ ቢነፋ አየሩ ውኃውን በዚያው ቀዳዳ ገፍቶ ያስወጣዋል። ብርጭቆ ተደፍቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩን እንደሚይዝ ማለት ነው። መትከያው በዘጠኝ ቀን ብቅ አለ። ከዚያ ሊበንፌልስ የተባለችው የጀርመን መርከብ ተከተለች፤ ሌሎችም።

ጦርነቱ ሲርቅ ነገሩ ተገለበጠ። ወደቦቹን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ሕንጻና መሣሪያ እየነቀሉ መውሰድና መሸጥ ጀመሩ። ለኢትዮጵያ የተሟገቱት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት «የኢትዮጵያን ወደቦች ለምን እናፈርሳለን?» የሚል ርዕስ ያለው ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። የጻፉት ስለ ምጽዋም ስለ አሰብም ነው። በመርከብ መስጠም የጀመረው ጥፋት በመፍቻ ቀጠለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

1945–1966፦ የኤን ትሬ ዘመን

በመስከረም 1945 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል በ1920 ወረቀት ላይ የቀረው ነገር በሌላ መልኩ እውነት ሆነ። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሆነች። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1943፣ በዓለም ባንክ ብድር የታገዘ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ነበርና ጣሊያን የተወው መንገድ መጠገን ያዘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዩጎዝላቮች አዲስ ወደብ ሠሩ። በሶቪየት ብድር የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ሥራ ጀመረ። በ1956 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ መርከቦች ባሕር ላይ ወጣ። ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ይገባል፤ ተጣርቶ በቦቴ መኪና በሚሌና በባቲ በኩል ይወጣል። ቡናና ቆዳ ደግሞ ይወርዳል።

መንገዱ የራሱ ሰዎች ነበሩት። የፊያቱ ኤን ትሬ ተሳቢውን ጎትቶ ከአሰብ ይነሣል፤ ሹፌሩ በረሃውን በሌሊት ሊያልፍ ይሞክራል፣ ጎማ በሙቀት ይፈነዳልና። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ይተኛል። ሠርዶ የሹፌሮች ማረፊያ ነበረች፤ በ1961 መጋቢት በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራረሰች። ዱብቲ ጎን የሚቸል ኮትስ ኩባንያ የተንዳሆ ጥጥ እርሻ ተስፋፋ። ከዚያ ባቲ፤ ከባቲ በኋላ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ኮምቦልቻ ሲደረስ ፍሬንም ሞተርም ይፈተሻል፤ ሀረጎ ይቀራል። በየማቆሚያው ሻይ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ማደሪያ ተከፈተ። ወደብ ላይ ደግሞ ከወሎና ከሌላው ደጋ የወረዱ ብዙ ወዛደሮች ኑሮ መሠረቱ፤ አሰብ ውስጥ አማርኛ የገበያ ቋንቋ ሆነ።

ታዲያ መንገድ የሚያመጣ ብቻ አይደለም፤ የሚወስድም ነው። በ1965 እና በ1966 ወሎን ረሃብ ሲመታው ይህ በግልጽ ታየ። ገበሬውና አፋሩ ከብቱና እህሉ ሲያልቅበት ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ የሚያልፍ መኪና እንዲያየው በመንገዱ ዳር ቆመ። የሕንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ኋላ ስለዚህ ረሃብ ሲጽፉ ያጎሉት ነገር አስደንጋጭ ነው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደተጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ሄዷል። እህሉ የጠፋው ከአገር አልነበረም፤ ከገበሬው ኪስ አቅም በላይ ሆኖ ነው። የተጫነው መኪና የራበውን ሰው አልፎት የሄደው በዚሁ ጥሩ መንገድ ነበር። ያ ረሃብ ተደብቆ መቆየቱ ከታወቀ በኋላ የንጉሡ መንግሥት ብዙም አልቆየም።

1977–1983፦ ስንዴው ከመርከብ እስከ ኮምቦልቻ

በሰባ ሰባት ጭነቱ አቅጣጫ ለወጠ። በጥቅምት ኮረም ላይ የተራቡት ሰዎች ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ እርዳታ የጫኑ መርከቦች ወደ አሰብ ጎረፉ፤ ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ባቲ፣ ያቺ የሰኞ ገበያ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የተጠለለባት ካምፕ ሆነች።

ችግሩ መርከብ አልነበረም። መርከብ አንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ቶን ይጥላል፤ መኪና ግን የሚያነሣው በአሥርና በሃያ ቶን ነው። አንዲት መርከብ ባራገፈች ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልልሶች ያስፈልጋሉ፤ ምልልሱ ደግሞ በበረሃ፣ በጎማ፣ በመለዋወጫና በሹፌር ይለካል። በዚያ ላይ መንግሥት ጦርነት ላይ ነበርና መኪናው ለሁለቱም ይፈለግ ነበር። ወደቡ ላይ ጭነት ተከመረ። ኋላም የዓለም የምግብ ፕሮግራም የራሱን የጭነት መኪኖች አሰማርቶ ማመላለስ ጀመረ። ኮምቦልቻ የእርዳታ ማከማቻና ማከፋፈያ ሆነች፤ አውሮፕላን ማረፊያዋም ሥራ በዛበት። በደርግ ዘመን ከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራላትና የመጋዘን ከተማነቷ ላይ የፋብሪካ ከተማነት ተጨመረ።

በግንቦት 1983 ነገሩ በፍጥነት ተለዋወጠ። ኢሕአዴግ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ በዚያው ወር ሻዕቢያ አሰብን ያዘ። መንገዱ በሁለት ጫፉ ሁለት ባለቤት አገኘ።

1985–1990፦ የመጨረሻው ጭነት

ኤርትራ በግንቦት 1985 ነጻ አገር ሆና ስትታወቅ የኢትዮጵያ ጭነት አልቆመም። አሰብ ለኢትዮጵያ ነጻ ወደብ ትሁን ተባለ፤ አብዛኛው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በዚያው በኩል ማለፉን ቀጠለ። ሹፌሩ ለውጡን ያየው ቡሬ ላይ ነው፤ ትናንት ዝም ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ዛሬ ወረቀት የሚጠየቅበት ድንበር ሆነ። የነዳጅ ማጣሪያው ግን አረጀ፤ በ1989 ሥራ አቆመ፤ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ ከውጭ ብትገዛ ይረክስላት ነበር።

በሁለቱ አገሮች መካከል ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ንግድ ብዙ ክርክር ነበር። ጦርነቱ ግን በግንቦት 1990 ባድመ አካባቢ ተነሣ፤ ከአሰብ መንገድ እጅግ ርቆ። ይሁን እንጂ መንገዱን የዘጋው ያው ጦርነት ነው። ጭነቱ በአንድ ጊዜ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ቡሬ የጦር ግንባር ሆነች። ወደቡ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። የአሰብ ክሬኖች ቆሙ።

1991–2014፦ ከሠርዶ ባሻገር

ደሴና ኮምቦልቻ ከባሕር አልተቆረጡም፤ ባሕሩ ነው የተቀየረው። ከሠርዶ ባሻገር መንገዱ ይከፈላል፤ ግራውን ትቶ ቀኙን የያዘ መኪና በጋላፊ ጂቡቲ ይገባል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተከፈተላት፤ ማለትም መርከብ የማይመጣበት፣ ኮንቴይነር ግን የሚራገፍበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ግቢ። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ስም አገኘ። በ2007 ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘረጋ፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የባቡር ሐዲድ ግንባታ ተጀመረ፤ ሥራውን የያዘው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነበር። በ2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ።

ከዚያ ድንገት በሐምሌ 2010 ኢትዮጵያና ኤርትራ ታረቁ። ነሐሴ 30 ቀን «መቀሌ» የምትባለው የኢትዮጵያ ጭነት መርከብ ምጽዋ ገባች፤ 11,000 ቶን ዚንክ ጭና ወደ ቻይና ልትሄድ። ከሃያ ዓመት በኋላ በኤርትራ ወደብ የታሰረች የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ መርከብ ነበረች። ቀጥሎ በመስከረም 1 ቀን 2011፣ በእንቁጣጣሽ፣ የሁለቱ አገሮች መሪዎች ቡሬ ላይ ተገኝተው የአሰብን መንገድ ከፈቱ። ወታደሮች ከየምሽጋቸው ወጥተው ተቃቀፉ። የቀድሞ የአሰብ ሹፌሮች ስለ መንገዱ እንደገና ማውራት ጀመሩ፤ አስፋልቱ እንዴት ነው፣ ኤሊዳር ላይ ሻይ ይገኛል ወይ፣ ወደቡ ጥልቀቱ አሁንም ይበቃል ወይ እያሉ።

አልዘለቀም። ዓመቱ ሳይሞላ ማለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የቡሬውም ጭምር። የጭነት መኪና ሰልፍ በዚያ በኩል ሳይታይ ቀረ።

በጥቅምት 2014 ደግሞ የትግራዩ ጦርነት ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሁለቱ ከተሞች በትግራይ ኃይሎች ተያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ የመንግሥት ኃይሎች መልሰው ያዟቸው። በመሐሉ ኮምቦልቻ ያሉ የእርዳታ እህል መጋዘኖች ተዘረፉ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች የምግብ ማደሉን ለጊዜው አቆመ። በሰባ ሰባት ስንዴ ሲራገፍባት የነበረች ከተማ መጋዘኗ ባዶ ሆነ። ሐዲዱም መደበኛ ባቡር ሳያስተናግድ ጦርነቱ ደርሶበታል።

ዛሬ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው መኪና ተሳቢው ላይ ያለው ኮንቴይነር የጂቡቲ ነው። ሰኞ ከሆነ ባቲ አጠገብ ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ገበያተኛው ግመሎቹን እየነዳ መንገዱን ያቋርጣልና።